ከመጽሐፉ ጀርባ የወጣ ቀሚስ

መስከረም 28

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣ ለወስፌ፣

እንደምን ከርመሻል? አባትሽስ እንዴት ነው? ፈጣሪ ጤናችሁን አያጉድልባችሁ፤ ደጃችሁን የሚያንኳኳ ሁሉ ይዞ የሚመጣ እንጂ ሊወስድ የሚመጣ አይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የመድኃኒት ቤቱን ባንኮኒ ስዞር ሲያጉረመርም ይውላል። ቀን ለሰው ክኒን እቆጥራለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ አሮጌ መጻሕፍቴን አገላብጣለሁ፤ ከዚህ ሌላ ምን ኑሮ አለኝ።

የዛሬውን ወሬ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እኔ ራሴ ከሰማሁት ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። እዚህ ያለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት የግጥም መጻሕፍቴን ሊቀበለኝ ነው። ባለ መስተዋት ቁም ሳጥን፣ ከላዩ ስሜ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ በምርቃቱ ቀን ደግሞ ንግግር። የአሮጌ መጻሕፍት ሰብሳቢዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ፊቱ ኮምጣጤ የጠጣ ሰው ፊት ነበር።

ከሁሉም አብልጠው የፈለጉት የማዶውን ሰው ነው። ታውቂያለሽ፣ አያቶቻችን ሳይወለዱ መጻሕፍቱን በራሱ ወጪ ያሳተመ፣ ሽፋኑ ላይ "የማዶው ሰው" ከማለት በቀር ስሙን ያልጻፈ ባለቅኔ ነው። አራቱም መጻሕፍቱ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ሌላ ቦታ አሉ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አራቱንም ያገኘልኝ አባትሽ ነው። ያ ፊቱን ለማንም የማያሳይ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ከአባትሽ ሌላ ሰው አያምንም።

ችግሩ የሦስተኛው መጽሐፍ ጀርባ መላላቱ ነው። እዚህ ያሉት ጠራዦች እንዲነኩብኝ አልፈልግም፤ የአባትሽን እጅ የመሰለ አላየሁም። ስለዚህ ወደዚያ በሚመጣ ባልደረባዬ ልኬዋለሁ። መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስደው በደንብ አስፈራርቼዋለሁ። ያቺ የምወዳት ግጥም ያለችው እዚያ ውስጥ ነው።

አልጋሽን አንጥፌ ወንበሩን አልነካሁ፤
በድንገት ብትጠሪኝ፣ ብዬ እየሰጋሁ።

ይህን የጻፈ ሰው ሚስቱን አስታሞ የቀበረ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። በማኅበሩ መጽሔት ላይም እንዲሁ ብዬ አስፍሬዋለሁ። የመጀመሪያው መጽሐፉ የጀማሪ ነው፣ በሁለተኛው በሰለ፣ ሦስተኛው ግን ሆድ ያባባል።

ሻጩ መጻሕፍቱን ከየት እንዳገኛቸው ጥቂት ቃል ጽፎ ቢሰጠን ጥሩ ነበር። አምስተኛ ካለውም ጠይቁልኝ፤ ለዋጋው አትጨነቁ። ስልክ እንዳትደውይ ደግሞ፤ ግማሹን "ይሰማል? ይሰማል?" ስንባባል ነው የሚያልቀው።

አጎትሽ፣ አባትሽ እንደሚጠራኝ
ጋሼ

ጥቅምት 24

ይድረስ ለተከበሩት ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ቁም ሳጥኑን ሞልተው ቆመው ለመመረቅ ያብቃዎ። እንኳን ደስ ያለዎት። ለአባባ ሳነብላቸው ግን ደስ እንዳላቸው ሰው አልሆኑም፤ "ሁሉንም ሊሰጣቸው ነው?" ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ።

መጽሐፉ በደህና ገብቷል። ባልደረባዎን ምን ብለው እንዳስፈራሩት አላውቅም፣ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎት ነው የመጣው። ውሃ ስሰጠው እንኳ አላስቀመጠውም።

አንድ ያልነገርንዎ ነገር አለ። የአባባ ዓይን ደክሟል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታቸው ቆይቷል፤ የጥረዛ ቤቱን ሥራ አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን የሚያቆይ ጠብታ አለ። እዚህ ፈልገን አጣነው። ስሙን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልዎታለሁ። እርስዎ መድኃኒት ቤት የሚውሉ ሰው ስለሆኑ አይከብድዎትም ብዬ ነው።

መጽሐፉን ሳሳያቸው፣ ማለት ሳስነካቸው፣ "ጀርባውን እንዳትከፍቺው፤ ከላይ ሙጫ ቀብተሽ መልሺለት" አሉኝ። ጋሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከላይ ቀባሽ እያሉ ሲቆጡኝ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዴ ከላይ ቀብቼ ያስረከብኩትን መዝገብ መንገድ ላይ ተከትለው ከደንበኛው እጅ ቀምተው መልሰዋል። ዛሬ ምን እንደነካቸው አልገባኝም።

ስለ ሻጩም ጠየቅኳቸው። "ታሟል" አሉ። በማግስቱ ስጠይቅ "አገር ለቆ ሄዷል" አሉ። ታሞ ነው መሰለኝ የሄደው።

ያቺን ሁለት መስመርም አነበብኩላቸው። ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

አክባሪ ልጅዎ
ወስፌ

ኅዳር 12

ለወስፌ፣

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ ይሁን፤ ያሰባችሁት ይሙላ።

ከላይ ሙጫ? ያነበብኩትን ማመን አቅቶኝ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁት። አባትሽ ይህን ካለ በእርግጥም አሞታል ማለት ነው። ስሚኝ፣ በጥር መጨረሻ ከምርቃቱ በፊት የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ እያንዳንዱን መጽሐፍ ይመረምራል። ባለ አጉሊ መነጽሩ እንለዋለን፤ ሰላምታ ሲሰጥሽ እንኳ እጅሽን የሚመረምር ይመስላል። ጀርባው ላይ የተደፋ ሙጫ ቢያይ እኔን ከነመጽሐፌ ያስወጣኛል።

ስለዚህ ጀርባውን ክፈቺው። አሮጌውን ሙጫ አራግፊ፣ በአዲስ ክር ስፊው። ከውስጥ የሚወጣውን ጨርቅ እንዳትጥይ፤ ባለሙያው የዚያን ዘመን ጨርቅ ማየት ይወዳል። አባትሽን አትስሚው፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።

የጠብታውን ነገር አይቻለሁ። እዚህም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። አሁን ደግሞ በምርቃቱ ምክንያት እጄም ጊዜዬም አጥሯል፤ ሙሉ ልብስ ማሰፋት አለ፣ የጥሪ ካርድ አለ። ከጥር በኋላ እናየዋለን። እስከዚያ ዓይኑን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ ብዙም አያንብብ።

ሻጩን አፋልጉልኝ። ሰው እንዴት ታሞ አገር ይለቃል?

ጋሼ

ታኅሣሥ 3

ጋሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ።

እንዳሉኝ ጀርባውን ከፈትኩት። መጻሕፍቱን ለቤተ መጻሕፍቱ እንዳይሰጡ። ለባለ አጉሊ መነጽሩም እንዳያሳዩ። ካርዱን ካላደሉ ያቁሙት። ምክንያቱን ከአባባ ጋር ሳልነጋገር ልጽፍልዎ አልችልም፤ እስካሁን ፊታቸውን አይቼ ለመጠየቅ አቅም አጣሁ። ስልክ እንዳይደውሉ፣ ስልኩ አባባ አልጋ አጠገብ ነው።

ወስፌ

ታኅሣሥ 17

ወስፌ፣

ምን አደረግሽው? ቀደድሽው? ውሃ ደፋሽበት? ትናንት ለአንዲት ሴትዮ የሌላ ሰው መድኃኒት ላስረክባት ነበር፤ እሷ ናት ያስተዋለችው።

ካርዱ ታድሏል። ሊቀመንበሩ እንኳ አዲስ ጫማ ገዝቷል። "አቁሙት" ብለሽ ምክንያቱን አለመናገር ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ተበላሽቶ ከሆነ ተበላሸ በዪኝ፤ አልቆጣሽም። ብቻ አፍ አውጥተሽ ንገሪኝ።

ጋሼ

ጥር 2

ይድረስ ለጋሼ፣

ፈጣሪ ልብዎን ያጽናልዎ። ይህን ደብዳቤ ቆመው እንዳያነቡት።

ምንም አልቀደድኩም። ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ አለሰለስኩት፣ ሙጫው ሲለቅ በስስ ቢላዬ ቀስ እያልኩ ላጥኩት። ጠራዥ ገጾቹን ሰፍቶ ሲጨርስ ጀርባው እንዳይሰነጠቅ ቁራጭ ጨርቅ ይለጥፍበታል። ሽፋኑ ከዚያ በላይ ስለሚመጣ ጨርቁን ማንም አያየውም። ያ ጨርቅ ወጣልኝ። ለእርስዎ ልልከው ሙጫውን አጥቤ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ቢጫ ነው፣ ትናንሽ ሰማያዊ ወፎች አሉበት። አንደኛዋ ወፍ አንገቷ ላይ በቀይ ክር ተሰፍታለች።

ጋሼ፣ ቀሚሴ ነው። እናቴ የሰፋችልኝ፣ አጥር ስዘል ቀድጄው ቢጫ ክር አጥታ በቀይ የጠቀመችልኝ። ፊደል ሳልቆጥር የለበስኩት ቀሚስ አያቶቻችን ሳይወለዱ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል? አንድ ደንበኛ ገብቶ ሲያናግረኝ ነበር፤ ምን እንዳለኝ ዛሬም አላውቅም፣ ተናድዶ ወጣ።

ይህን ይዤ ስንት ቀን እንደዞርኩ። በመጨረሻ አባባ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ጨርቁን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። በአውራ ጣታቸው አሹት። የቀዩ ክር ስፌት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ጥሩ ጥጥ ነበር፤ መጣሉ አሳሳኝ" አሉ።

ሻጭ የሚባል ሰው የለም። የመጀመሪያው መጽሐፍ እውነተኛ ነው፤ ደንበኛ ለጥረዛ ሰጥቶን ሳይመለስ የቀረ ነው። ሦስቱ ግን፣ ግጥሙም ጭምር፣ ከኋላ ክፍላችን ነው የወጡት። አባባ ቆልፈው ሲሠሩ የሰርግ ካርድ የሚያትሙ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱን ከአሮጌ መጻሕፍት ካልተጻፈባቸው ገጾች ሰብስበው በሻይ አጠየሙት። የእርሳስ ፊደሎቹን ሥራ ካቆመ ማተሚያ ቤት አገኟቸው። ሁሉን ተጠንቅቀው ሲያበቁ የጀርባውን ጨርቅ ከቤታችን ቁርጥራጭ ሣጥን ወሰዱ፤ ሌላ ጨርቅ ከየትም ወስደው አያውቁማ።

ለምን አልኳቸው።

"እናትሽ ስትታመም መድኃኒት ላክልኝ ብዬ ለጋሼ ጻፍኩ። እጅ አጥሮኛል፣ እናየዋለን አለኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ደብዳቤ ጫፍ ላይ፣ አንድ አሮጌ የግጥም መጽሐፍ አየሁ ብዬ ለወሬ ያህል ጠቅሼለት ነበር። የመጽሐፉ ገንዘብ ከመልሱ ጋር መጣ" አሉኝ። "ሌላ የለም ወይ ብሎም ጠየቀ። እናትሽ መድኃኒቷ እያለቀ ነበር። አለ አልኩት።"

ሻጩን ለምን ፈጠሩት ስላቸው፣ "ለወንድሜ መጽሐፍ ሸጥኩ ከምል ሞቼ ብገኝ ይሻለኛል" አሉ።

ጋሼ፣ በቀሚሱ የደነገጥኩት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። የኅዳሩ ደብዳቤዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። "እጄም ጊዜዬም አጥሯል፣ ከጥር በኋላ እናየዋለን" ይላል። የቃሉ መመሳሰል አስፈራኝ።

እናቴ ካረፈች በኋላስ ለምን ቀጠሉ አልኳቸው። "ጋሼ ያነበኝ ጀመራ" አሉ። "ልጆች ሆነን አንድ ግጥም ባሳየው፣ አንተ ጥረዝ፣ መጻፉን ለሚችል ተው ብሎኝ ነበር። አሁን ስለ አንዲት መስመር ገጽ ሙሉ ይጽፍልኛል። በሕይወቴ እንደዚያ አጫውቶኝ አያውቅም። እውነቱን ብናገር ማንበቡን ይተዋል ብዬ ፈራሁ።" ከእናቴ ሞት ወዲህ የላኩትን ገንዘብ አልነኩትም፤ እንዳለ ተቀምጧል።

እናቴ አልጋ አጠገብ አንድ ወንበር አለ። አባባ ሲያስታምሟት የሚቀመጡበት ነበር። አልጋው በየጠዋቱ ይነጠፋል፣ ወንበሩን ግን ማንም አይነካም። ስጠርግ እንኳ ዞሬው ነው የማልፈው። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ መልሱን የመስከረሙ ደብዳቤዎ ውስጥ አነበብኩት።

የጻፈው ሰው ሚስቱን የቀበረ ነው ብለዋል። ልክ ነዎት።

የአባባ ቀኝ ዓይን ጨልሟል። ግራው ገና ጥላ ይለያል።

ወስፌ

ጥር 16

ለወንድሜ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ባንኮኒው ጋ ቆሜ አነበብኩት። አትቁም ብለሽኝ ነበር፣ አልሰማሁሽም። ደንበኞቹ ናቸው ደግፈው ያስቀመጡኝ።

ውሸት ነው በዪኝ። ባለ አጉሊ መነጽሩ የፊታችን ሰኞ ይመጣል። ስለዚያ ሰው መጽሔት ላይ ጽፌ፣ ሰው ሰብስቤ ንግግር አድርጌ፣ ለካስ የገዛ ወንድሜ በሻይ የነከረውን ነው ሳቅፍ የኖርኩት። እያንዳንዱን ደብዳቤዬን እያነበበ ስንት ዘመን ሳቀብኝ?

የመድኃኒቱን ነገር አላስታውስም። እንደዚያ አላልኩም። ብዬም ከሆነ እጄ ቢያጥረኝ ነው።

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

የካቲት 14

ይድረስ ለጋሼ፣

አትጻፊ ቢሉኝም ጻፍኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጤና ይስጥዎ፣ ቁጣዎንም ያብርድልዎ።

አባባ አልሳቁም። አንድ ቀን እንኳ። ደብዳቤዎ ሲመጣ እጃቸውን ታጥበው ነበር የሚቀበሉት፤ ሙጫ እንዳይነካው። አሁን የፖስታ ሠራተኛው በር ላይ ባለፈ ቁጥር አንገታቸውን ያቀናሉ። ጋሼ ምን አለ ሲሉኝ ጨንቆኝ "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል ይላል" አልኳቸው። እኔም የሌለ ሻጭ ሆኜ አረፍኩት።

ጠብታውን አልጠይቅዎትም። ቤተ መጻሕፍቱ ምን እንዳደረገዎትም አልጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ የወንበሩን ግጥም አሁን ሲያነቡት ያው ነው?

ወስፌ

መጋቢት 10

ለወስፌ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለወንድሜ። ለመመረቅ አፍ የለኝም፤ እናንተው መርቁኝ።

ለጥያቄሽ መልሱ አይደለም ነው፣ ያው አይደለም። ድሮ ጮክ ብዬ ለእንግዳ አነባት ነበር። አሁን ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ ይቆረጣል። ያቺን ሴት አውቃታለሁ። ሠርጓ ላይ በልቻለሁ። መታመሟን አውቃለሁ፣ መሞቷን አውቃለሁ፣ የሙሾ ያህል የሆነውን ግጥም ደግሞ እጄ ላይ ይዤ፣ ይህ ሰው ሚስቱን የቀበረ ነው ብዬ መጽሔት ላይ ስተነትን ኖርኩ። ከዚህ ሁሉ ድንጋጤ የባሰው እሱ ነው። መጽሐፉ ሐሰት መሆኑን ካንቺ ሰማሁ፤ የእኔን ዓይን መታወር ግን ማንም ሊነግረኝ አልነበረበትም።

ስለ ሰኞው ልንገርሽ። ባለ አጉሊ መነጽሩ መጣ። እውነቱን እያወቅኩ መጻሕፍቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የተቀመጥኩት። ሦስተኛው ጥገና ላይ ነው አልኩት። ሁለተኛውን አገላበጠ፣ ወረቀቱን አሸተተ፣ ፊደሉን ለካ። አራተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ቀና ብሎ "ግሩም ነው፣ ወረቀቱም ፊደሉም የዘመኑ ነው" አለ። አለፈ፣ ወስፌ። የአባትሽ እጅ ያን ሰው አሳለፈው። ሰሌዳው ተሰቅሏል፣ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሚቀረኝ አመሰግናለሁ ማለት ብቻ ነበር።

አፌን የከፈትኩት እሱን ልል ነው። የወጣው ግን "እነዚህን ወንድሜ ነው የጻፋቸው" የሚል ሆነ። ሰውየው አጉሊ መነጽሩ ከእጁ ወድቆ መሬት ላይ ሲንከባለል እንኳ አላነሣውም። እኔም የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ። አታሟቸዋል አላልኩም፤ ጽፏቸዋል ነው ያልኩት።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ብቻ ተቀበሉኝ። ሰሌዳው ተነቀለ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ቀርቷል። ጽሑፌን በሙሉ ማኅበሩ እንደማያውቀው በሚቀጥለው መጽሔት ያስታውቃል። ሊቀመንበሩ ሊያጽናናኝ ቤቴ ድረስ መጣ፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የመድኃኒቱንም አስታወስኩ። አላስታውስም ያልኩሽ ዕለት ማታውኑ ነው የመጣልኝ። የአባትሽን ደብዳቤ ስቀበል ነጭ ጋውኔን ለብሼ ነበር፤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። መድኃኒቱ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። ዞር ብል እደርስበት ነበር። ጠብታውም ያለው እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው።

ሐኪሙን ለምኜ ትእዛዝ አጽፌያለሁ። በሰው እጅ አልልከውም፣ ይዤው እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ። ወንድሜ አይግባብኝ ካለ ደጅ ላይ ለአንቺ ሰጥቼሽ እመለሳለሁ፤ መብቱ ነው።

ለሻጩ ግን ይህን መልእክት አድርሺልኝ። አምስተኛውን መጽሐፍ እፈልጋለሁ። አሮጌ ወረቀት አልፈልግም፣ ሻዩንም ጠጡት። ሽፋኑ ላይ የሰውየው ስም ከነአባቱ ይጻፍበት፤ የአባቱን ስም እኔም በደንብ አውቀዋለሁ። ማየት ካቃተው እሱ ይናገር፣ እኔ እጽፋለሁ። እጄ ገና ደህና ነው።

ጋሼ

መጋቢት 29

ይድረስ ለጋሼ፣

ፈጣሪ መንገዱን ያቅናልዎ፣ እግርዎ ደጃችንን እስኪረግጥ ክፉ አይንካዎ።

ደብዳቤዎን ለአባባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ከዚያ በፊት መዋሸቴን ነገርኳቸው። "አውቄያለሁ፤ ጋሼ ሥራ በዛብኝ ብሎ በአንድ ቃል አያቆምም" አሉኝ። የቁጣ ደብዳቤዎንም ጭምር አነበብኩላቸው። በሻይ የነከረው የሚለው ላይ ስንደርስ አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻዋ ደብዳቤ፣ ባለ አጉሊ መነጽሩ ላይ ስንደርስ ግን አስቆሙኝ።

"አለፈ ነው የሚለው? ወረቀቱ የዘመኑ ነው አለ?"

"አዎ፣ አለፈ ይላል።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላቸው። ጋሼ፣ በደለኛ ሰው እንደዚያ ደረቱ ሲነፋ አይቼ አላውቅም። ከዚያ የመድኃኒት መደርደሪያው ላይ ስንደርስ ፈገግታው ጠፋ። ይግቡ ይበሉ አይግቡ ለማወቅ ፊታቸውን ባየው ባየው ምንም አጣሁበት።

"ሻጩ ሥራ ለቋል በዪው" አሉ በመጨረሻ።

እምቢ ማለታቸው መሰለኝ፤ ወረቀቱን አጠፍኩት። እሳቸው ተነሡ። ግድግዳውን እየዳበሱ መኝታ ቤት ገቡ፣ እኔም እንዳይወድቁ ተከተልኳቸው። እናቴ አልጋ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፉ። የነኩት ተሳስተው መስሎኝ እጃቸውን ልይዝ ስል "ነይ በዚያ በኩል ያዢልኝ" አሉ። ወንበሩን በዚያ በኩል ይዤ አነሣሁት። እግሮቹ መሬት ላይ አራት ነጭ ምልክት ሠርተዋል፤ ከሥሩ ጠርጌ አላውቅማ።

"የት ልንወስደው ነው?" አልኳቸው።

"ወደ ኋላ ክፍል" አሉ። "ጋሼ ሲጽፍ የሚቀመጥበት ይፈልጋል።"

ወንበሩ አሁን ከማተሚያው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ጋ ነው። አንድ እግሩ ይነቃነቃል፤ እስኪመጡ እጠግነዋለሁ።

ወስፌ